ደርሶ መልስ

ብቸና ከተማ ውስጥ ባሕር አይቶ የመጣ ሰው ቢፈለግ ከመናኸሪያው እስከ ገበያው ቢዞሩ አምስት ሰው አይሞላም። ለመዝናናት ብሎ ባሕር የተሻገረ ግን አንድም የለም። ስለዚህ በ2005 ዓ.ም. ግንቦት ሊያልቅ ሲል፣ ባለመድኃኒት ቤቷ ማስተዋል ሁለት ልጆቿን ይዛ ለአሥር ቀን ዛንዚባር ልትሄድ ነው የሚል ወሬ በተሰማ ጊዜ፣ ከተማው ዛንዚባርን አምኖ አሥሩን ቀን ሳያምን ቀረ።

«ማንስ ቢሆን ሲሄድ ለጥቂት ቀን ነው ብሎ አይደል?» ተባባሉ ሰዎች። «ባሕር ማዶ ሄዶ ለመስከረም የሚመለስ ማንን አይተን እናውቃለን?»

ነገሩን ያመጣችው የማስተዋል ታናሽ እህት ባንቺዓለም ናት። የበረራ አስተናጋጅ ስለሆነች ለቤተሰብ በቅናሽ የሚሰጥ ቲኬት አላት። «እስከ መቼ ነው መድኃኒት ስትቆጥሪ የምትኖሪው? ክረምቱ ለናንተ ጭቃ ነው፤ እዚያ ግን ፀሐይ ነው። ልጆቹን ይዘሽ ነይ» አለቻት በስልክ። ማስተዋል ሳቀች። ስልኩን ዘግታ ዞር ስትል ግን ሁለቱ ልጆቿ በሩ ላይ ተደርድረው ቆመዋል፤ ሰምተዋል። ከዚያ በኋላ እንቢ ማለት አልተቻለም።

የአሥራ ሁለት ዓመቷ ትህትና ከትምህርት ቤት የተዋሰችውን አትላስ ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ አንድ ሙሉ ደብተር ለጉዞው መደበች። በየገጹ አናት ላይ ርእስ ጻፈች። «የሚያዝ ልብስ»፣ «የሚጠየቁ ጥያቄዎች»፣ «ለአባባ የማይነገር»። በመጨረሻው፣ አያቷ እንዳይሰሙት በለየችው ርእስ ሥር የተጻፈው የዋና ልብስ የሚል ብቻ ነው። ወንድሟ ቢያድግልኝ አሥራ አንድ ሊሞላው ሁለት ወር ቀርቶታል፤ እሱ ደግሞ የጥያቄዎቹን ገጽ ብቻውን ሊሞላው ደርሷል።

«እማ፣ የባሕር ውኃ ጨዋማ ከሆነ እዚያ ያሉ ሰዎች ወጥ ሲሠሩ ጨው አይጨምሩም ማለት ነው?»

«ስንደርስ ትጠይቃቸዋለህ።»

«ጥያቄ ቁጥር አሥራ ዘጠኝ» አለች ትህትና እየጻፈች። «ስንሄድ በመስኮት በኩል የምቀመጠው እኔ ነኝ። አንተ ስንመለስ።»

«ስንመለስማ ያየሁትን ነው የማየው!»

ማስተዋል ጭቅጭቃቸውን ስትሰማ ሥራዋን ትታ አዳመጠች። በዚያ ቤት ውስጥ ስለ ነገ እንዲህ ጮክ ተብሎ ከተወራ አራት ዓመት ሆኖታል።

* * *

ለፓስፖርት ባሕር ዳር ሄዳ ወረፋ ይዛ ደረሳት። ሠራተኛው የልጆቹን የልደት ማስረጃ አገላብጦ «የአባት ስምምነት ይጎድላል» አላት። «በሕይወት አሉ?»

«አሉ።»

«ተፋታችኋል?»

ሰማንያቸው አልተቀደደም። አንድም ቀን አንዳቸው ሌላውን «ፍታኝ፣ ፍቺኝ» አልተባባሉም። «አብረን አንኖርም» አለች ማስተዋል፤ ቃሉ ከአፏ ሲወጣ የሌላ ሰው ታሪክ መሰላት።

ባሏ ሰማው ይባላል። ብቸና የመጣው የሒሳብ መምህር ሆኖ ነው። ዝምተኛ፣ ሲስቅ ግን ክፍሉን የሚሞላ ሰው ነበር። የማስተዋል አባት አቶ አካለ ወልድ፣ ርስት ከነማዕርጉ የነበራቸው የትልቅ ሰው ልጅ በመሆናቸው የሚኮሩ ሽማግሌ ናቸው፤ መምህሩ የሞጣ ሸማኔ ልጅ መሆኑን ሲሰሙ ሠርጉን አልባረኩም። ዓመታት አለፉ፤ ልጆች ተወለዱ፤ የሽማግሌው ቅሬታ ግን እንደ ተዳፈነ እሳት ከሥር ነበር። የዛሬ አራት ዓመት በአጎቷ ተዝካር ላይ፣ ዳሱ በሰው እንደ ተሞላ፣ ሰማው ጠላ ሊቀዳለት ዋንጫውን ሲዘረጋ አቶ አካለ ወልድ አሳላፊውን ጠሩ።

«ለመምህሩ በሌላ ዕቃ ቅዳለት። የሸማኔ ልጅ እኛ በጠጣንበት አይጠጣም።»

አሳላፊው ማድጋውን እንደ ያዘ ቆመ። ሰማው አማቱን አላየም። ያየው የማስተዋልን ፊት ነው። እሷ ዓይኗን ጣለች። እሱም ዋንጫውን በቀስታ አስቀምጦ፣ ኩታውን ትከሻው ላይ አስተካክሎ ወጣ። በዚያው ክረምት ዝውውር ጠይቆ ሞጣ ገባ። ከዚያ ወዲህ ልጆቹን የሚያገኛቸው በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ከመንገዱ መካከል ደብረ ወርቅ ላይ፣ አንድ ዘመድ ወስዶ ሲያደርስለት ነው። ማስተዋልን ግን አላያትም። እሷ ይመለሳል ብላ ጠበቀች። እሱ ትመጣለች ብሎ ጠበቀ። ሁለቱም ጠባቂ ሲሆኑ መንገዱ ባዶውን ቀረ።

አሁን ለስምምነቱ ስትል ደብዳቤ ላከችለት። ምን ብላ እንደምትጀምር ስለ ጨነቃት ብቸና ፍርድ ቤት ደጅ ማመልከቻ የሚጽፈው ራፖር ጸሐፊ የሰጣትን ቃል እንዳለ ገለበጠችው፤ «ልጆቻችንን ይዤ ወደ ውጭ አገር ለመውጣት ስምምነትዎን በፊርማዎ እንዲያረጋግጡልኝ እጠይቃለሁ።» በሳምንቱ መልስ መጣ። ጽሑፉን ገና ከፖስታው ላይ አወቀችው።

«ለወይዘሮ ማስተዋል። የጠየቅሽኝ ገብቶኛል። ከዚህ አገር ልጅ ይዞ ባሕር የተሻገረ፣ ተመልሶ ሲመጣ አላየሁም። ልጆቼን የማያቸው በዓመት ሁለት ቀን ነው፤ እነዚያን ሁለት ቀኖች ደግሞ ለባሕር አልሰጥም። አልፈርምም። ሰማው።»

አራት ጊዜ አነበበችው። አምስተኛውን ስትጀምር ፊደሉ በእንባዋ ተሰወረባት።

* * *

አቶ አካለ ወልድ ነገሩን ሲሰሙ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ተቀመጡ።

«ይኼ ምን ይቸግራል? ፍርድ ቤት አመልክቺ። ጥሎን ሄደ፣ ያለበትን አናውቅም በይ። ምስክሩን እኔ አቆማለሁ። በሁለት ሳምንት ያልቃል።»

እውነትም ያልቅ ነበር። ሽማግሌው ቃላቸው የሚሰማ ሰው ናቸው። ማስተዋል የልጆቿን ደብተር አሰበች፤ አሥራ ዘጠኙን ጥያቄ አሰበች። አንድ ውሸት ነው፤ ማን ይጎዳል? «አስብበታለሁ አባዬ» አለች።

ትህትና ግን ጓዳው በር ላይ ቆማ ነበር።

«ያለበትን እናውቀዋለን እኮ» አለች፤ ድምፅዋ ቀጭን ቢሆንም አልተንቀጠቀጠም። «ሞጣ ነው።»

ማስተዋል የልጇን ዓይን አየች። ያን ቀን ዳሱ ውስጥ ሰማው ያያት በዚህ ዓይን ነበር። ደግማ ዓይኗን ልትጥል አልቻለችም።

«አዎ» አለች። «ሞጣ ነው። ዓርብ ጠዋት እንሄዳለን።»

* * *

አውቶቡሱ በጠጠሩ መንገድ እየተንገጫገጨ ደብረ ወርቅ ሲቆም ቢያድግልኝ በመስኮት አንዲት ሻይ ቤት አሳያት። «አባን የምናገኘው እዚያ ነው። ሁልጊዜ ቀድሞን ይደርሳል።» ግንደወይን ላይ ዝናብ ጀመረ። ማስተዋል ሰዓቷን አየች፤ ሞጣ ሲደርሱ ገና አምስት ሰዓት አልሞላም። ይህን ያህል ቅርብ ነበር እንዴ? አራት ዓመት ያልተሻገረችው አገር ከቁርስ እስከ ምሳ ያለ መንገድ ነበር።

ቤቱን አታውቀውም። ገበያው ዳር ክር የምትሸጥ ኸይራት የምትባል ሴትን ጠየቀች።

«መምህር ሰማው? ከኔ ነው ክር የሚወስድ። ትምህርት ከተዘጋ ወዲህ ካባቱ የሽመና ዕቃ ላይ ተቀምጦ ይሠራል። ቆይ፣ ማን ልበልሽ?»

«ባለቤቱ ነኝ።» ቃሉ ሳታስበው ወጣ።

ኸይራት ከላይ እስከ ታች አየቻት፤ ልጆቹንም አየች። «እንግዲያ ቆየሻ!» አለች።

የሽመናው ድምፅ ከግቢው በር ይሰማል፤ ቶክ፣ ቶክ። ቢያድግልኝ በሩን ገፍቶ ሮጠ፤ «አባ!» የሽመናው ድምፅ ቀጥ አለ። ሰማው ከሽመናው ጉድጓድ እግሩን አውጥቶ፣ ልጁን አቅፎ፣ በልጁ ራስ ላይ አሻግሮ ሲያይ እሷን አያት። ጠጉሩ ጆሮ ግንዱ ላይ ሸብቷል። ልብሱ ላይ ብጥቅጣቂ ክር አለ። ማስተዋል በመንገድ ሁሉ ያሰናዳችው ንግግር በአንድ ጊዜ ጠፋባት።

«እንደምን አረፈዱ?» አለችው።

ፊቱ ላይ የሆነ ነገር አለፈ። «አንቱ ተባልኩ?» አለ ዝግ ብሎ።

«አይ… እንዲያው አፌ ነው።»

«ግቡ። ዝናብ ነው።»

ውስጥ ተቀምጠው ሽሮ ቀረበላቸው። ልጆቹ ያወራሉ፤ ሁለቱ ሳህኑን ያያሉ። በመጨረሻ ማስተዋል ከቦርሳዋ ወረቀት አወጣች።

«ቲኬቱ ደርሶ መልስ ነው። ሐምሌ አሥራ አምስት እንሄዳለን፤ ሐምሌ ሃያ አምስት እንመለሳለን። ይኸው ቀኑ።»

ሰማው ወረቀቱን ተቀብሎ አነበበው። ደግሞ አነበበው።

«ደብዳቤሽ ላይ ‹ይዤ ለመውጣት› ነው የሚለው።»

«የጸሐፊው ቃል ነው። ምን እንደምል ጨንቆኝ ገለበጥኩት።»

«አራት ዓመት ጠብቄ የደረሰኝ ደብዳቤ» አለ ሰማው፤ «የጸሐፊ ቃል ነበር በይኛ።» ሊስቅ ፈልጎ አልሆነለትም። ተነሣ። «እፈርማለሁ። የፍትሕ ጽሕፈት ቤቱ ስምንት ሰዓት ይከፍታል። ልጆቹ ባሕሩን ይዩ።»

ትህትና ደብተሯን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘች። ቢያድግልኝ ጨፈረ። ማስተዋል የመጣችበት ተፈጸመላት፤ ደስታው ግን አልመጣላትም።

* * *

ልጆቹ ከፊት ከፊት እየሄዱ ነው። ዝናቡ አባርቷል። ማስተዋል ከእርምጃው እኩል ለመሆን ስትሞክር ትንፋሿ ተቆራረጠ።

«ለምን አልተመለስክም?» አለች በድንገት። «አባቴ በአንድ ክፉ ቀን ስለ ተናገሩት?»

ሰማው እርምጃውን አዘገየ።

«አባትሽ ያሉትን ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ነው ያደግሁት። ውኃ ስቀዳ ሰምቼዋለሁ፤ ቅኔ ቤት ሰምቼዋለሁ። በሱማ አልሄድኩም። የሄድኩት ያን ቀን ባልሰማሁት ነው።» ቆም አለ። «አንድ ቃል ነበር የጠበቅሁት፤ ከአንቺ።»

ማስተዋል ዝምታ ወርቅ ነው ሲሏት ነው ያደገችው። ያ ወርቅ ቤቷን እንደ ሸጠባት አሁን ገባት።

ጽሕፈት ቤቱ ውስጥ ወንበሮቹ በባለጉዳይ ተሞልተዋል፤ ገበሬዎች፣ አንድ ቄስ፣ ሕፃን ያዘለች ሴት። ጸሐፊዋ ቅጹን ሞልታ ለሰማው ብዕር ሰጠችው። ልክ ጎንበስ ሲል የማስተዋል ስልክ ጮኸ። አባቷ ናቸው። አቶ አካለ ወልድ ስልክ ሲያወሩ እንደ ማዶ ለማዶ ጥሪ ነው የሚጮኹት፤ ገና «አቤት» ሳትል ድምፃቸው ክፍሉን ሞላው።

«ፈረመልሽ ያ ሸማኔ? እንቢ ካለ እንዳልኩሽ አድርጊ! ለሸማኔ ልጅ ደጅ ጥናት አይገባሽም!»

የባለጉዳዩ ሁሉ ራስ ዞረ፤ ቄሱ እንኳ ጉሮሯቸውን መጥረግ አቆሙ። የሰማው ብዕር ወረቀቱ ጋር ሳይደርስ አየር ላይ ቀረ። ቀና ብሎ የማስተዋልን ፊት አየ። ልጆቹም አዩአት። በሩ ክፍት ነው፤ ልትወጣ ትችል ነበር፤ ስልኩንም ልትዘጋ ትችል ነበር።

ማስተዋል ብድግ አለች።

«አባዬ፣ ይሰሙኛል?»

«እሰማለሁ! ምን ሆነሽ?»

«የዛሬ አራት ዓመት ዳሱ ውስጥ መናገር የነበረብኝን ልናገር ነውና ደኅና አድርገው ይስሙኝ።» ድምፅዋ መጀመሪያ ተንቀጠቀጠ፤ ኋላ ቀና። «ያገባሁት ሰው የሸማኔ ልጅ ነው። እኔ የሸማኔ ምራት ነኝ። የሚወዷቸው ልጆቼ የሸማኔ የልጅ ልጆች ናቸው። እርስዎ በየበዓሉ ነጭ ለብሰው ቤተ ክርስቲያን የሚቆሙት አንድ ሸማኔ ጉድጓድ ውስጥ ተቀምጦ ስለ ሠራልዎ ነው። አባቴ ነዎት፤ አከብርዎታለሁ፤ እወድዎታለሁ። ግን ባለቤቴ በሚዋረድበት ቤት ከእንግዲህ እኔም ልጆቼም አንቀመጥም። በዚያኛው ቀን ዝም አልኩ። በሕይወቴ የምጸጸትበት እሱ ነው።»

ከወዲያ ማዶ በር ሲዘጋ ተሰማ።

«አጠገብሽ ሰው አለ?» አሉ ሽማግሌው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«አለ፤ ቢሮው ሙሉ ነው።»

«ልጆቹ… ደኅና ገቡ?» አሉ።

«ደኅና ገብተዋል፣ አባዬ።»

«እንግዲህ… ብርድ ነው፤ ልብስ ይደርቡ» ብለው ዘጉ።

ማስተዋል ቁጭ አለች። ወንበሩ ጫፍ ላይ የተቀመጡ አንድ ገበሬ ዱላቸውን መሬት ላይ መታ አድርገው «አበጀሽ ልጄ» አሉ፤ ሕፃን ያዘለችው ሴት ዓይኗን ጠረገች። ሰማው ግን አልተንቀሳቀሰም። አራት ዓመት ሙሉ ያልሰማውን፣ ዛሬ በሰው ሁሉ ፊት፣ ሰማው ሰማው። ጉንጩ ላይ እንባ ሲወርድ ሊጠርገው እንኳ አላሰበም።

«መምህር፣ ይፈርሙ እንጂ» አለች ጸሐፊዋ በለሆሳስ።

ሰማው ብዕሩን አስቀመጠው።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አላት ጸሐፊዋን። «አባት አብሮ የሚሄድ ከሆነ ይህ ወረቀት ያስፈልጋል?»

«አብሮ ካለማ ኢሚግሬሽን ራሱ ቀርቦ ይፈርማል፤ ምን ወረቀት ያሻዋል?»

ሰማው ወደ ልጆቹ ዞረ። «ለአንድ ሰው ቦታ ይኖራችኋል?»

ቢያድግልኝ እጁ ላይ ተጠመጠመ። ትህትና ግን አልተነሣችም። ደብተሯን ከፍታ አንድ ገጽ ላይ ቆየች። ቀና ስትል ዓይኗ ሞልቷል።

«ባሕሩን አብረን አይተን ስንመለስ» አለች፤ «አንተ ደብረ ወርቅ ላይ ትወርዳለህ?»

እንዲህ ያለ ጥያቄ አትላስ ላይ መልስ የለውም። ሰማው ማስተዋልን አያት።

«አይወርድም» አለች ማስተዋል። «ብቸና ድረስ አብሮን ይመጣል። ካልሆነም እኛ ሞጣ ድረስ እንመጣለን። ደብረ ወርቅ ላይ ግን ማንም አይወርድም።»

ትህትና ተነሥታ አባቷ ደረት ውስጥ ገባች፤ አራት ዓመት እንዳላለቀሰች ሁሉ አለቀሰች። «በመስኮት በኩል ግን አትቀመጥም» አለችው ከለቅሶዋ መሐል።

* * *

ባንቺዓለም በስልክ ስትሰማ ጩኸቷ ከአዲስ አበባ ሞጣ ያለ ስልክ ይሰማ ነበር። የሰማው ፓስፖርት እስኪደርስ ጉዞው ወደ ነሐሴ ይገፋል፤ ልጆቹ ሳይጨቃጨቁ ተስማሙ። የዚያኑ ዕለት፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ አራቱም ሙጀሂድ የሚባለው ፎቶ አንሺ ቤት ገቡ። ለሰማው የፓስፖርት ፎቶ ያስፈልገዋል።

ሙጀሂድ ነጭ መጋረጃ ፊት በርጩማ ላይ አስቀመጠው። «ቀጥ ብለው። ወደኔ ይመልከቱ። ለፓስፖርት አይሳቅም።»

ሰማው ቀጥ አለ። ከፎቶ አንሺው ኋላ ማስተዋል ቆማለች፤ ነጠላዋ ከትከሻዋ ተንሸራቷል፤ ዓይኗ በለቅሶ አብጧል፤ ከንፈሯ ግን አልታዘዝ ብሏታል። አያትና ሳቀ።

«መምህር፣ አይሳቅም አልኩ። ኢሚግሬሽን አይቀበለውም።»

«እሺ፣ እሺ።» ፊቱን ሰበሰበ። ቢያድግልኝ ጠጉሩን በእጁ እያስተካከለለት «አባ፣ ሒሳብ የሚያርም አስመስል» አለው። ሰማው ፈነዳ፤ ያ ክፍል የሚሞላ ሳቁ ከአራት ዓመት በኋላ ወጣ፤ ትህትና ተከተለችው፤ ሙጀሂድም ካሜራውን ዝቅ አድርጎ ተሸነፈ።

«እንግዲህ ወይዘሮዋ ዞር ይበሉልኝ» አለ እየሳቀ። «እርስዎን እያዩ ፊታቸው አልሰበሰብ ብሏቸዋል።»

ማስተዋል ወደ በሩ ዞረች። ጀርባዋን ብትሰጠውም፣ ዓይኑ ካሜራው ላይ ሳይሆን ትከሻዋ ላይ እንዳረፈ አወቀችው፤ የሰኔ ብርድ ባለበት ከተማ ውስጥ እዚያች ቦታ ላይ ብቻ ሙቀት ተሰማት።